የተጫነ የጥገኝነት ዛፍ ምርመራ፦ በኖድ ፕሮጀክቶች ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

በአምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከቀደመው ተማሪ የተረከበውን ፕሮግራም በራሱ ኮምፒውተር ላይ ቢጭን፣ ኮዱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል። መንስኤው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተጻፈው ኮድ ሳይሆን ኮዱ በሚደገፍባቸው ፓኬጆች ውስጥ ነው።

ሦስት ነገሮችን መለየት ያሻል። የመጀመሪያው በፓኬጅ ዶት ጄሰን ፋይል የሚታወጀው ፍላጎት ነው፤ ይህም በአብዛኛው የሥሪቶችን ክልል እንጂ አንድን ሥሪት አይገልጽም። ለምሳሌ ^4.2.0 ተብሎ ሲጻፍ ከ4.2.0 ጀምሮ ከ5.0.0 በታች ያለ ሥሪት ሁሉ ይፈቀዳል። ሁለተኛው በሎክ ፋይል የተመዘገበው ቁርጥ ያለ ሥሪት ነው። ሦስተኛው በዲስኩ ላይ በእርግጥ የተጫነው ነው። ምርመራው ሦስቱን ማስተያየት ነው።

ለዚህ ማህደሮችን በዓይን ማየት አይበቃም። ኤንፒኤም ከ3ኛው ሥሪት ጀምሮ ፓኬጆችን በተቻለ መጠን ወደ ላይኛው ማህደር ስለሚያወጣ፣ አቀማመጣቸው የትኛው ፓኬጅ የትኛውን እንደጠራ አያሳይም። «ኤንፒኤም ኤልኤስ» የተሰኘው ትእዛዝ ግን ዛፉን ይሥላል፤ የጎደለውን፣ ከታወጀው ክልል የወጣውንና ማንም ሳይጠራው የተገኘውንም ለይቶ ያመለክታል። ከ7ኛው ሥሪት ወዲህ «ኦል» የሚለው አማራጭ ካልተጨመረበት የሚያሳየው የመጀመሪያውን እርከን ብቻ ነው። «ኤንፒኤም ኤክስፕሌይን» በአንጻሩ ከአንድ ፓኬጅ ተነሥቶ ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን መንገድ ይገልጣል።

የታችኛው እርከን ቸል ሊባል እንደማይገባ እ.ኤ.አ. በ2018 የታየው የኢቨንት ስትሪም ጉዳይ ያስረዳል። በዚህ ታዋቂ ፓኬጅ ሥር ፍላትማፕ ስትሪም የተባለ ሌላ ፓኬጅ ተጨመረ፤ በውስጡም ኮፔይ የተሰኘውን የቢትኮይን ቦርሳ ዒላማ ያደረገ ስውር ኮድ ተገኘ። ኢቨንት ስትሪምን የጫኑ ገንቢዎች የፍላትማፕ ስትሪምን ስም በራሳቸው ፋይል አልጻፉም ነበር።

ዛፉ ራሱ ወሰን አለው። የኖድ መደበኛ ግንባታ የሁሉንም ቋንቋዎች መረጃ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 13ኛው ሥሪት ነው። ስለዚህ የአማርኛ የወር ስሞችን የሚያወጣ ፕሮግራም፣ የጥገኝነት ዛፉ አንድ ሆኖ እንኳ፣ በ12ኛው ሥሪት መደበኛ ግንባታ ላይ ስሞቹን በአማርኛ ላያወጣ ይችላል።

በመሆኑም ከጥናት ጽሑፍ ጋር ሎክ ፋይሉ፣ የኖድ ሥሪቱና የዛፉ ሙሉ ዝርዝር አብረው ሊቀመጡ ይገባል። ተረካቢውም በ«ኤንፒኤም ሲአይ» ቢጭን፣ ትእዛዙ ሎክ ፋይሉን ጠብቆ ይጭናል፤ የታወጀውና የተመዘገበው ካልተስማሙም ሥራውን ያቆማል። እንዲህ ሲሆን የውጤት ልዩነት ቢፈጠር ከየት እንደመጣ ማጣራት ይቻላል።