የበግ ጠጉር ምንጣፍ ሲታጠብ ዋጋው እንዳይወድቅ
በታች ጋይንቷ አርብ ገበያም ሆነ በመርካቶ፣ የቆሸሸ ባና፣ ዝተት ወይም ስጋጃ በርካሽ ገዝቶ አጥቦ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ በቅድሚያ የሚያየው እድፉን ነው። ዋጋውን የሚጥለው ግን ብዙውን ጊዜ አጠባው ነው።

የበግ ጠጉር እንደ ሰው ጠጉር ፕሮቲን ስለሆነ በረኪና ይበላዋል። ሙቅ ውሃና ፍትጊያ ሲገናኙ ደግሞ የጠጉሩ ቅርፊቶች ይቆላለፋሉ፤ ዕቃው ይኮማተራል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ባለሙያ ከውሃ አይጀምርም። ምንጣፉ ተገልብጦ በደንብ ይራገፋል፤ አለዚያ አቧራው ጭቃ ይሆናል። ቀጥሎ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥጉ ላይ ይጫናል። ቀለም ከለቀቀ ሥራው እዚያው ይቆማል። ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የጠጉር ሻምፖ፣ ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ይታጠባል።

አይጠመዘዝም፤ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይደርቃል። የበግ ጠጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ ለእጅ ደረቅ ሊመስል ስለሚችል (በሚዛን የሚገዛም ይህን ልብ ይበል) ቸኩሎ መጋዘን ማስገባት ሻጋታ ያመጣል። ብል ደግሞ በደንብ ያልጠራውን ይመርጣል።

ገዢም ከመደራደሩ በፊት ጀርባውን ገልብጦ ይይ። ጥጉ የተጠቀለለና ሲታጠፍ የሚደድር ከሆነ ቀድሞ በፈላ ውሃ የታጠበ ሊሆን ስለሚችል፣ በቅናሽም ቢሆን መግዛቱ ያጠያይቃል።