አውቶቡስ መብራት ሲሰጥ

መብራት ጠፍቶበት ያመሸ ሰው የኤሌክትሪክን ጥቅም አስተማሪ ሳያሻው ይረዳዋል። ጳጉሜን 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በሰሜን ጃፓን የምትገኘው የሆካይዶ ደሴት በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ትልቁ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቆመ። ሌሎቹም ተከትለውት ደሴቱ በሙሉ ለማለት ይቻላል ጨለመ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ቤቶች መብራት አጡ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ሕዝቡ ብዙ ጊዜ የሚጠለለው በትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። በመሆኑም ጉዳዩ ሙያችንን ይነካል።

ታዲያ መስመሩ በተቋረጠ ሰዓት ኤሌክትሪክ ከየት ይምጣ? ጃፓኖች ካዘጋጇቸው መልሶች አንዱ የሃይድሮጅን አውቶቡስ ነው።

አሠራሩ

በዚህ አውቶቡስ ውስጥ በእሳት የሚነድ ነገር የለም። ጣሪያው ላይ በታላቅ ግፊት ታምቆ የተቀመጠው ሃይድሮጅን ወደ ነዳጅ ሴሉ ይገባል። እዚያ በፕላቲኒየም አማካይነት እያንዳንዱ አቶም ወደ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ይለያል። ፕሮቶኑ በስስ ገለፈት ውስጥ ያልፋል፤ ኤሌክትሮኑ ግን ገለፈቱ ስለማያሳልፈው በሽቦ ዞሮ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ የምንለውም ይህንኑ ጉዞ ነው። በወዲያኛው ወገን ሁለቱ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕደው ውሃ ይሆናሉ፤ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን 8 ኪሎ ኦክሲጅን ወስዶ 9 ኪሎ ውሃ ይሰጣል። አንዱ ሴል በሥራ ላይ ሳለ ከ1 ቮልት በታች ስለሚሰጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሴሎች ይደረደራሉ። የሚወጣው ቀጥተኛ ኮረንት በመለወጫ መሣሪያ ወደ ተለዋዋጭ ኮረንት ይቀየርና ለቤት ዕቃ ይውላል።

ጭስ የለውም። የናፍጣ ጄኔሬተር ግን ቤት ውስጥ ወይም መስኮት ሥር ከተነሣ በካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ሊገድል ይችላል።

ሁለቱን ቁጥሮች እንለይ

ቶዮታ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው «ሶራ» የተባለ አውቶቡስ እስከ 235 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ በአንድ ጊዜ ግን ከ9 ኪሎዋት አያልፍም። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 235 እንስራው የያዘው ውሃ ነው፤ 9 ደግሞ የአንገቱ ስፋት ነው። እንስራው ሙሉ ቢሆንም አንገቱ ከሚያሳልፈው በላይ አይቀዳም።

እስቲ ለትምህርት ያህል አንድ መጠለያ አስበን እናስላ፦

40 መብራቶች በ50 ዋት፦ 2,000 ዋት
100 ስልኮች በ10 ዋት፦ 1,000 ዋት
2 የመድኃኒት ማቀዝቀዣዎች በ200 ዋት፦ 400 ዋት
4 የሕመምተኛ ኦክሲጅን መሣሪያዎች በ350 ዋት፦ 1,400 ዋት
ድምር፦ 4,800 ዋት

235 ለ4.8 ሲካፈል 49 ያህል ይሆናል፤ ሁለት ቀን ከነሌሊቱ ማለት ነው። አሁን አራት ሰዎች ሻይ አማራቸውና እያንዳንዳቸው ባለ 1,200 ዋት የውሃ ማፍያ ሰኩ እንበል። ድምሩ 9,600 ዋት ሆኖ ከልኩ ያልፋል። መስመሩ ሲቋረጥ ኦክሲጅኑም አብሮ ይቆማል! ስለዚህ አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ቅደም ተከተል መውጣት አለበት፦ መጀመሪያ እስትንፋስ፣ ቀጥሎ መድኃኒት፣ ከዚያ ብርሃን፤ ሻይ ተራውን ይጠብቅ።

ቶዮታና ሆንዳ በ2012 ዓ.ም. ለሙከራ ያቀረቡት አውቶቡስ እስከ 454 ኪሎዋት-ሰዓት የሚሰጥ፣ በአንድ ጊዜም 18 ኪሎዋት የሚችል ነው። ከእሱ ላይ በእጅ የሚያዙ ባትሪዎችን ሞልቶ ወደየክፍሉ ማድረስ ይቻላል። የእንስራው ሆድም አንገቱም ሰፋ ማለት ነው።

ድክመቱስ?

ይህ ሃይድሮጅን የኃይል ማጠራቀሚያ እንጂ ምንጭ አይደለም፤ ከተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከውሃ የሚገኘው ሌላ ኃይል ወጥቶበት ነው። ማደያውም ጋዙን የሚያምቀው በኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሊቆም ይችላል። መንገድ ከተሰበረም አውቶቡሱ አይደርስም። እንግዲያው ታንኩ መሞላት ያለበት በደህናው ቀን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ከላይ ባለው መጠለያ ስልኮቹ ባይሰኩ ኖሮ ኃይሉ ስንት ሰዓት ይቆይ ነበር?
2. አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ይስባል ብንል «ሶራ» በአንድ ጊዜ ስንቱን ይችላል? ለምን?
3. መጠለያው የእናንተ ትምህርት ቤት ቢሆን መጀመሪያ ምን ትሰካላችሁ? የመጨረሻውስ? ምክንያታችሁን በክፍል ተወያዩበት።