ጾም ሲፈታ ገበታው ምን ይዞ ይቅረብ?
ውፍረትን ለመቀነስ ሰዓት ለይቶ መብላትንና ኃይል ሰጪ ምግብ መቀነስን ስለ ማጣመር

(ለግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት)

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር በሚገኘው ኮዬ ፈጬ፣ ቀድሞ ይታረስ ከነበረው ጥቁር አፈር ሰፊው ክፍል ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመውበታል። እርሻውን የለቀቀ ቤተሰብ ከጎተራው ያወጣ የነበረውን ጥራጥሬ አሁን በገንዘብ ይገዛል። ከማረስና ከማረም ይልቅ ተቀምጦ የሚውልበት ሥራ የያዘው ሰውም ብዙ ነው። ሥራው ቀልሎ ምግቡ እንደ ድሮው ከሆነ የተረፈው ኃይል በሰውነት ውስጥ ስብ ሆኖ ይከማቻል።

በዚህ ምክንያት «ጾም ውፍረት ይቀንሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለልማት ሠራተኛውም ይቀርባል። ጾም የሃይማኖት ሥርዓት እንጂ የክብደት መቀነሻ አይደለም። ይሁን እንጂ የሚጾም ሰው ሰዓት ለይቶ መብላትን አስቀድሞ የለመደ በመሆኑ፣ ሲፈታ የሚበላውን ካስተካከለ ለጤናውም ይጠቅመዋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

2. ትምህርቱ ለማን እንደሚሰጥ

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 22 በመቶው ከሚገባው በላይ ቀጭኖች ሲሆኑ፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው 8 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ «ምግብ ቀንሱ» የሚለው ምክር ለሁሉም አይነገርም። ክብደት መቀነስ የሚያስፈልገው መሆኑ በጤና ጣቢያ ተመዝኖ ለታወቀ ሰው ብቻ ይሰጣል።

3. ሁለቱ ዘዴዎች እንዴት ይሠራሉ?

ምግብ ሳይበላ ብዙ ሰዓት ሲያልፍ ሰውነት በመጀመሪያ በጉበት የተጠራቀመውን ስኳር፣ ቀጥሎም ይበልጡን ስብ ያቃጥላል። እንደ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ሩዝና ስኳር ያሉትን ኃይል ሰጪ ምግቦች መቀነስ ደግሞ ወደ ደም የሚገባውን ስኳር ያሳንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት በፍጥነት የሚታየው የክብደት መቀነስ በአብዛኛው ውኃ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ሆኖም ሰዓቱ ብቻውን ተአምር አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከቻይና በወጣ ጥናት 139 ወፍራም ሰዎች ለ12 ወራት ምግባቸው እንዲቀነስ ተደርጎ፣ ገሚሶቹ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ፣ ሌሎቹ ግን ሰዓት ሳይወሰንባቸው እንዲበሉ ተደረገ። በሁለቱ ወገኖች የክብደት ለውጥ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በ609 ሰዎች ላይ በታተመ ሌላ ጥናትም፣ ኃይል ሰጪ ምግብ የቀነሱትና ቅባት የቀነሱት ከአንድ ዓመት በኋላ ተቀራራቢ ክብደት ቀንሰው ተገኝተዋል። ከዚህ የምንረዳው ወሳኙ ነገር በጠቅላላው የሚበላው ምግብ መጠን መሆኑን ነው። ሰዓቱና የምግቡ ዓይነት የሚጠቅሙት ይህን መጠን ያለ ብዙ ረኃብ ለመቀነስ ሲያግዙ ነው።

4. በጾም ወቅት ክብደት የሚጨምረው ለምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ቀናት ያህል ይጾማሉ። ከእነዚህም ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሲቀሩ ብዙ ቤተሰብ ቦታቸውን በዳቦ፣ በድንች፣ በፓስታና በሩዝ ይተካል። እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሰው ደግሞ ርቦት ስለሚቀርብ ከልኩ በላይ ይበላል። በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ሳምቡሳና ጣፋጭ መጠጥ ሲበዛም ውጤቱ ያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። ወጡ «የጾም» ስለሆነ ብቻ ቀላል ነው ማለት አይቻልም።

5. የሚመከረው ገበታ

ሀ. ጾሙ ሲፈታ በቅድሚያ ውኃ መጠጣት፤ ስኳር የበዛበትን ሻይና ለስላሳ መጠጥ መተው።

ለ. ከእንጀራው በፊት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ መብላት።

ሐ. ቀጥሎ የምስር ወጥ፣ ክክ፣ ሽሮ ወይም አዚፋ በበቂ መጠን ማቅረብ። በ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 25 ግራም፣ በሽምብራ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲገኝ፣ በጤፍ የሚገኘው 13 ግራም ያህል ነው። ጥራጥሬም ኃይል ሰጪነት አለው፤ ነገር ግን ፕሮቲኑና አሰሩ ብዙ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ጥጋቡም ይቆያል።

መ. እንጀራውን ከቀድሞው ወደ ግማሽ ማውረድ፤ በአንድ ገበታ እንጀራን ከዳቦ፣ ከድንች ወይም ከፓስታ ጋር አለመደራረብ።

ሠ. ወጥ ሲሠራ ዘይቱን በማንኪያ መስፈር።

6. ጥንቃቄ

እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆች፣ ቀጭን ሰዎችና በከባድ ሥራ ላይ ያሉ ገበሬዎች ክብደት ለመቀነስ ብለው ምግብ መቀነስ የለባቸውም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲያዘገይ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሐኪም የመድኃኒቱን መጠን ሳያስተካክልለት አይጀምር። የጨጓራ ሕመም ያለበትም እንዲሁ ሐኪም ያማክር።

ጓያ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ በሽምብራና በአተር ምትክ እንዲበላ መምከር አይገባም። በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል።

7. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

ምክሩ የሚፈጸመው ጥራጥሬውና አትክልቱ በሚቻል ዋጋ ሲገኝ ነው። ሽምብራ በክረምቱ መውጫ ተዘርቶ በጥርና በየካቲት ይታጨዳል፤ ሁዳዴም በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ይገባል። ስለዚህ የሸማቾች ማኅበራት ዋጋው ሳይወደድ፣ አጨዳው እንዳበቃ በቀጥታ ከገበሬዎች ማኅበራት ቢገዙ ሻጩም ሸማቹም ይጠቀማል። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት አረርቲና ሀብሩ የተባሉት የሽምብራ ዝርያዎች ፍሬያቸው ነጭና ትልቅ ስለሆነ ለንፍሮና ለወጥ ይመቻሉ። እህሉ በደንብ ደርቆ፣ ከነቀዝ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት።

ሽሮ ተፈጭቶ ሲገዛ ጓያ የተቀላቀለበት መሆኑን ማወቅ ያስቸግራል። በመሆኑም ማኅበሩ ጥራጥሬውን በፍሬው ገዝቶ፣ አስለቅሞና ራሱ አስፈጭቶ ቢያከፋፍል ይመረጣል።

8. ለትምህርት ሰጪው

ትምህርቱ ሁዳዴ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቢሰጥ ይመረጣል። ሁለት ትሪ ይዘጋጅ፤ በአንዱ የተለመደው ገበታ፣ በሌላው በተራ ቁጥር 5 የተገለጸው ይቅረብ። ተሳታፊዎች የሁለቱን እንጀራ፣ ወጥና ዘይት እየሰፈሩ ያወዳድሩ፤ ወጪውንም ያስሉ። የሚቀንሱ ሰዎች በወር አንድ ጊዜ በጤና ጣቢያ ይመዘኑ። ድካም ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ምግብ መቀነሱን አቁሞ ወዲያውኑ ይመርመር።

በአጭሩ፣ የጾሙን ሰዓት የሚወስነው ሥርዓቱ ነው፤ ክብደቱን የሚወስነው ግን ጾሙ ሲፈታ የሚቀርበው ገበታ ነው።