ሰጎን ሌሊቱን እንዴት ታድራለች?

ጥያቄ፦ ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስጓዝ ሜዳው ላይ ሰጎኖች አየሁ። መብረር ካልቻሉ ሌሊቱን ከጅብ እንዴት ያመልጣሉ?

መልስ፦ ያዩዋቸው የሶማሌ ሰጎን የሚባለው ዝርያ ናቸው። ወንዱ ላባው ጥቁር፣ አንገቱና ጭኑ ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት። ይህ የቀለም ልዩነት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ጥቅሙ የሚታየው ጎጆው ላይ ነውና። ሰጎን ምግቧን የምትፈልገው በቀን ነው፤ ሲመሽ መሬት ላይ ትተኛለች። እንቁላል ሲኖር ግን ቀን ቀን በአብዛኛው ሴቷ ትታቀፋለች፤ ቡናማ ላባዋ ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል። ሌሊት ተራው የወንዱ ነው፤ ጥቁሩን ላባ ጨለማው ይሸሽገዋል። ይህ 6 ሳምንት ያህል ይቀጥላል። ጅብ ከቀረበ ሰጎን በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ እግር አላት፤ ርግጫዋም ብርቱ ነው።



የእኛዋ ሰጎን በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ስጋት ከተጋለጡት አንዷ ናት። ጎጆ ካገኙ እባክዎ እንቁላሉን ሳይነኩ በሩቁ ይለፉ።