የጉደር ወይንና የጋኑ አረፋ

ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ ጉደርን ታገኛላችሁ። ከተማውም ወንዙም ስማቸው አንድ ነው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚሠራው «ጉደር» የተባለው ቀይ ወይን ጠጅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የወይን አገር ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ዘማቾች ወይንን በመጽሐፍ እንጂ በሐረጉ ላይ አላየነውም ነበር። ያስተማሩን መቀስ የያዙት ሠራተኞች ናቸው። በአውሮፓ ብርዱ ሲመጣ ወይን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በኛ አገር እንዲያ ያለ ብርድ ስለሌለ የሚቀሰቅሰው ገበሬው ነው፤ ይገርዘዋል። ከተገረዘው ላይ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፤ ዘለላው የሚንጠለጠለውም በዚያ ላይ ነው። ዘለላው በክረምት ዝናብ ከደረሰ ሻጋታ ይበላዋል። ስለዚህ ፍሬው በበጋ እንዲበስል ጊዜ ቆጥሮ መግረዝ ያሻል።

ቋንቋችን «ወይን ጠጅ» ማለቱ ትክክል ነው። ጠጅ ከማር፣ ወይን ጠጅ ከወይን ይጣላል እንጂ ሥራው አንድ ነው። በዓይን የማትታይ እርሾ ጣፋጩን ትበላና አልኮልና ጋዝ ታወጣለች። ጋኑ ውስጥ የሚንተከተከው አረፋ ይኸው ጋዝ ነው። ጠላም፣ በኦሮምኛ ፋርሶ የምትሉት፣ እንዲሁ ነው የሚፈላው። ቀይ ወይን ጠጅ የሚቀላው ደግሞ በጭማቂው አይደለም፤ የጥቁሩ ወይን ልጣጭ አብሮ ስለሚፈላ ነው።

ይህን ጋዝ የአምቦ ሰው ያውቀዋል። ከመሬት ከሚፈልቀው ጠበል ጋር የሚወጣው፣ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ የሚሸጠውን የአምቦ ውሃ የሚያንተከትከው እሱ ነው። ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ሲጠጡት አይጎዳም። ሲተነፍሱት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል። በወይን ጠጅ ፋብሪካ ትልቁን በርሜል ሊያጥብ የገባ ሰው ሳይጮህ ሊወድቅ ይችላል። እናንተ በርሜል የለንም ትሉ ይሆናል። የእህል ጉድጓድስ? እርጥበት የነካው እህልም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ የጉድጓዱንም አየር ይጨርሳል። «ጋኔን መታው» የሚባለው ስንቱ ሰው በዚህ ሞቶ ይሆን!

ጉድጓድ ስትከፍቱ ወዲያው አትግቡ። ክፍቱን አቆዩት። ኩራዝ በገመድ አውርዱ፤ ከጠፋ ማንም አይግባ። ባይጠፋም የሚወርደው ሰው ወገቡን በገመድ ይታሰር፤ ከላይ ሁለት ብርቱ ሰዎች ይያዙት። ሰው ወድቆ ብታዩ፣ ወንድማችሁም ቢሆን፣ ተከትላችሁ አትውረዱ። ጎረቤት ጥሩ፤ በገመዱ ሳቡት።