የቃለ መጠይቅ ቅጂን ሳምፕል ሬት ዝቅ ማድረግ

የአዛውንት ትዝታ ወይም ለጥናት የሚሆን ቃለ መጠይቅ የቀዳ ሰው ቀድሞ የሚቸገረው በፋይሉ ክብደት ነው። የአንድ ሰዓት ንግግር በ44,100 ሄርዝና በስቴሪዮ፣ በዋቭ ፋይል ሲቀመጥ ወደ 635 ሜጋባይት ይደርሳል። ያው ንግግር በ16,000 ሄርዝና በሞኖ ሲሆን 115 ሜጋባይት ግድም ነው።

ሳምፕል ሬት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚነግረን ቁጥር ነው። ፋይሉ መያዝ የሚችለው ከዚህ ቁጥር ግማሽ በታች ያለውን ድምፅ ብቻ ነው፦ 44,100 እስከ 22,050 ሄርዝ፣ 16,000 እስከ 8,000፣ 8,000 ደግሞ እስከ 4,000። የመጀመሪያው የሙዚቃ ሲዲ ልክ ነው፤ የመጨረሻው የመደበኛው ስልክ። ብዙዎች ፋይሉ ይበልጥ እንዲቀልላቸው ወደ 8,000 ይወርዳሉ፤ እኔ ግን ለንግግር ከ16,000 በታች መውረድን አጥብቄ እቃወማለሁ። የ«ሰ» ድምፅ ጉልበት በአብዛኛው ያለው ከ4,000 ሄርዝ በላይ ስለሆነ፣ እሱ ሲቆረጥ «ሰ» እና «ፈ» ይምታታሉ። «ሰራሁ» ያሉ አባት «ፈራሁ» እንዳሉ ተደርጎ ቢጻፍ ታሪካቸው ተገለበጠ ማለት ነው። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐርም የሚሠራው በ16,000 ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሰጡትም ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

ሥራውን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም እንሥራው።

1. ዋናውን ፋይል ኮፒ ያድርጉና ኮፒውን ብቻ ይክፈቱ። የተቆረጠው ድምፅ ቁጥሩን መልሰው ወደ 44,100 ቢያወጡትም አይመለስም።

2. ቅጂው ስቴሪዮ ከሆነ ሁለቱን ወገኖች በየተራ ያዳምጡ። ማይኩ በአንድ ወገን ብቻ ቀድቶ ከሆነ ትራኩን ለሁለት ከፍለው ባዶውን ያጥፉ፤ ድምፁን ከባዶው ጋር ቢቀላቅሉት ይደክማል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ግን «ትራክስ» ከሚለው ሜኑ ውስጥ «ሚክስ» ብለው ወደ ሞኖ ይቀይሩ።

3. ትራኩን በሙሉ ይምረጡ፣ በዚያው «ትራክስ» ሜኑ «ሪሳምፕል» የሚለውን ይጫኑና 16000 ብለው ይጻፉ። ፕሮግራሙ ከ8,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አስቀድሞ ያጣራል። ይህ ማጣሪያ ባይኖር ከፍተኛዎቹ ድምፆች መልካቸውን ቀይረው ወደ ታች ይገቡና ንግግሩን ያሻክሩታል፤ ሳያጣሩ ቁጥር የሚቀንሱ መተግበሪያዎችን የማልመክረውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በትራኩ ስም ላይ በሚከፈተው ትንሽ ሜኑ ውስጥም «ሬት» የሚል ምርጫ ይገኛል። እሱ የሚቀይረው የማጫወቻውን ፍጥነት እንጂ ድምፁን አይደለም። እዚያ 16000 ከመረጡ የአንድ ሰዓቱ ቅጂ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል፤ የተናጋሪውም ድምፅ ወፍሮ ይጎተታል። ይህ ከገጠመዎ ወዲያው «አንዱ» (Undo) በሚለው ትእዛዝ ይመልሱት።

4. ከ«ፋይል» ሜኑ «ኤክስፖርት» ይበሉ። ዋቭ፣ ሞኖ፣ 16000፣ 16 ቢት ፒሲኤም መመረጣቸውን ይዩ። እዚያው 44100 እንደተመረጠ ከቀረ ፕሮግራሙ ቁጥሩን መልሶ ያወጣውና ድምፁ የተቆረጠ፣ ክብደቱ ግን የሚፈለገውን ያህል ያልቀነሰ ፋይል ይሰጥዎታል። በቆዩ የኦዳሲቲ እትሞች ይህ ቁጥር የሚስተካከለው ከታች በስተግራ ባለው «ፕሮጀክት ሬት» ላይ ነው።

5. አዲሱን ፋይል ከፍተው ርዝመቱን ከዋናው ጋር ያስተያዩ፤ እኩል መሆን አለበት። ቀጥሎ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» የሚበዙበትን አንድ ቦታ መርጠው ሁለቱንም በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ። የአዲሱ ድምፅ ትንሽ ደብዘዝ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ቃል ከቃል ካምታታ ግን አንዱ ደረጃ ተበላሽቷልና ከዋናው እንደገና ይጀምሩ።

ቅጂው መጀመሪያውኑ በኤምፒ3 የተቀዳ ከሆነ በዋቭ ማስቀመጡ ጭራሽ ሊያከብደው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን እንዳለ መላክ ይሻላል። የአዲሱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ 16 የሚል ቁጥር ይጨምሩበት፤ ዋናውን ደግሞ በሌላ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡት።