እርዳታ በማን እጅ ያልፋል?

ለቁምስና የእርዳታ ኮሚቴዎችና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ትምህርት

ጦርነት ወዳለበት አካባቢ የተላከ እርዳታ ተሳካ ወይም አልተሳካም ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ማስረጃ የኩንታል ብዛት ነው። ይህን ያህል ስንዴ ገባ፣ ይህን ያህል ዘይት ታደለ ይባላል። ቁጥሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የመጋዘኑን ቁልፍ ማን ያዘ፣ የተረጂዎችን ስም ማን ጻፈ፣ ከእደላው በኋላስ ማን በረታ ለሚሉት ጥያቄዎች ቁጥሩ መልስ አይሰጥም። ሰላም ባለበት አገር እነዚህ ተራ የአሠራር ጉዳዮች ይመስላሉ። በተራበና በሚዋጋ ሕዝብ መካከል ግን እህል ሥልጣንም ገንዘብም ስለሚሆን፣ የሥራው መቃናት ወይም መክሸፍ በእነርሱ ይወሰናል።

የሶማሊያን ሁኔታ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጥር 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ከወደቀ በኋላ አገሪቱ በልዩ ልዩ ታጣቂዎች ተከፋፈለች፤ ድርቅም ስለተጨመረበት በ1992 ረሃቡ እጅግ ጸና። ከወደብ የሚወጣው ሩዝና ዘይት በየመንገዱ ይዘረፍ ነበር። ሩዝ ይከማቻል፤ ይሸጣል፤ በዋጋውም ጥይት ይገዛበታል። በዚህ ጊዜ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከሶማሊያ ቀይ ጨረቃ ማኅበር ጋር ሆኖ አንድ ቀላል መላ ዘየደ፤ ይኸውም እህሉን በጥሬው ከማደል ይልቅ አብስሎ ማብላት ነው። የበሰለ ምግብ ውሎ ሲያድር ይበላሻልና ዘራፊ ብዙ አይጎመጅለትም። ሳህኑን ይዞ ፀሐይ ላይ የሚሰለፈውም በእርግጥ የራበው ሰው ስለሆነ፣ ስም በመጻፍ የሚደረገው አድልዎ ይቀንሳል። የሚያበስሉት የየሰፈሩ ሴቶች ስለነበሩ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደቀረ ያውቁ ነበር። በዚያው ዓመት ከ900 በላይ የማብሰያ ቦታዎች ተከፍተው በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይመገብባቸው ነበር።

ነገር ግን መላው ከችግር ነጻ ነበር ማለት አይደለም። እህሉ ማብሰያው ቦታ እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ ነበረበትና፣ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከልማዱ ውጭ የታጠቁ ዘበኞችን ለመቅጠር ተገድዷል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ በጎማ ታየ። በ1994 ከሩዋንዳ ወደ ዛየር በተሰደደው ሕዝብ መካከል የዘር ማጥፋቱን ወንጀል የመሩ ሹማምንትና ወታደሮች ነበሩ። የእርዳታ ድርጅቶች ሥራው እንዲፋጠን እደላውን በእነዚሁ ሹማምንት በኩል አደረጉት። እነርሱም የስደተኛውን ቁጥር አብዝተው እየጻፉ፣ ትርፉን ለራሳቸውና ለሠራዊታቸው አዋሉት፤ ሕዝቡንም በራሽኑ አስረው ያዙት። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት የፈረንሳይ ክፍል በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሰፈሮቹን ለቆ ወጣ። የቀሩትም ቢሆኑ፣ ሕፃናቱን ጥለን እንዴት እንሄዳለን ብለው ነውና በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል።

በአገራችንም የምናስታውሰው ሥራ አለ። በ1982 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር በፈጠሩት የጋራ የእርዳታ ማኅበር አማካይነት፣ የእህል ካሚዮኖች ከደሴ ተነሥተው የጦር ግንባሩን እየተሻገሩ ወደ ትግራይ ገብተዋል። መንግሥትም ሆነ ሕዝባዊ ወያነ ሐርነት ትግራይ ካሚዮኖቹን ለማሳለፍ ተስማምተው ነበር። በዚያን ጊዜ ከሁለቱም ወገን ጋር ተነጋግሮ መታመን ከካሚዮን ይልቅ የሚያስቸግር ነበር። ሦስቱ አብያተ ክርስቲያናት በአንድነት መቆማቸው፣ እህሉ የአንዱ ወገን ነው እንዳይባል ረድቷል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ካሪታስ ኢንተርናሲዮናሊስን ጨምሮ ታላላቅ የእርዳታ ድርጅቶች ባወጡት የሥነ ምግባር ደንብ፣ ተረጂዎች በአሠራሩ እንዲሳተፉ፣ ድርጅቶቹም ለለጋሹ ብቻ ሳይሆን ለተረጂውም ተጠያቂ እንዲሆኑ ተስማምተዋል። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶቻችን በዕለታዊው እደላ ተዘነጉ ብለው ያጉረመረሙት ግሪክኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ለአገልግሎቱ የተመረጡት የሰባቱ ሰዎች ስሞችም የግሪክ ስሞች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

በገጠር ቁምስናዎች ማንበብና መጻፍ የሚችል ተብሎ መዝገብ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ካቴኪስቱ ነው። እንግዲህ ስም የሚጽፈው እርሱ ከሆነ፣ አቤቱታ የሚሰማው ሌላ ሰው ይሁን። ዝርዝሩም በአደባባይ ይነበብ፤ ሚዛኑ ሁሉ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ከሌላ ብሔር ወይም ሃይማኖት የሆኑ ተፈናቃዮች ካሉ፣ ከእነርሱ አንድ ሰው ከመዝገቡ አጠገብ ይቁም።

ለውይይት፦

በቁምስናችሁ በመጨረሻው እደላ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ወደ ማን ሄዶ አመለከተ? ምን መልስ አገኘ?

የመጋዘኑ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው? ቁልፉን የያዙት ሁሉ የአንድ ወገን ሰዎች ናቸውን?